ጠብዎን ያስመዝግቡ

ደብዳቤው ማክሰኞ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት መስታወት ላይ ወጣ። መሪጌታ ልሳነወርቅ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ሊወጣ ጋቢውን እያጣፋ ብቅ ሲል፣ ባለቤቱ ደብሪቱ ጽሑፉን በእርጥብ ጨርቅ ልታጠፋ ስትታገል አገኛት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በጨርቅ አይጠፋም። የተጻፈለት ሰው ጮክ ብሎ «አንብቤአለሁ» እስኪል ድረስ ብርሃኑን ጋርዶ ይቆማል።

«ደግሞ ምን ፈልገው ነው በመስኮቴ የመጡት?» አለች ደብሪቱ።

ልሳነወርቅ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ለመሪጌታ ልሳነወርቅ ዘውገ። እርስዎ በፊዚክስ መምህራን መዝገብም በማኅሌት አገልጋዮች መዝገብም ተመዝግበው ተገኝተዋል። በሁለቱ መካከል ያለብዎትን ጠብ ግን እስከ ዛሬ አላስመዘገቡም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጠብዎን አስመዝግበው እንዲታረቁ፣ ይህን ባያደርጉ ከሁለቱም መዝገብ የሚሰረዙ መሆኑን እናስታውቃለን። የዕርቅ ጽሕፈት ቤት።»

«ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?» አለ ልሳነወርቅ።

«እኔ እንጃ። ከኔ ጋር ያለህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።»

ሰውየው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ እዚያ «ቲቸር» ይሉታል። ቅዳሜና እሑድ በሰፈሩ ደብር ማኅሌት ይመራል፤ እዚያ «የኔታ» ይሉታል። በሁለት ስም፣ በአንድ ጥንድ ጫማ፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲመላለስ ኖሯል። ሁለቱም ስሞቹ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሲሰዳደቡ ያየ ሰው የለም።

የዕርቅ ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደተወለደ ሳይናገሩ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። በ2080 ዓ.ም. «ሥነ መለኮትንና ዘመናዊ ፊዚክስን በዓለም አፈጣጠር ላይ ማስታረቅ» የሚል ጉባኤ ተጠራ። በየዘመኑ የሚጠራው ዓይነት ነው፤ ሦስት ቀን ምሳ ተበልቶ፣ የአቋም መግለጫ ተነቦ፣ ሰው ቦርሳውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድበት። በዚያኛው ላይ ግን ወንበር ይዘው የነበሩ አንድ ሹም «ማስታረቅ» የሚለውን ቃል እንደ ወረደ ተረዱት። አገሬው ጠበኛ እንዴት እንደሚታረቅ መች ጠፍቶት ያውቃል? ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዳይና ተበዳይ ይቀርባሉ፣ ነገር ይሰማል፣ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። እንግዲያው ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ፤ ተቀመጠ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ቀን ማን እንደበደለ ሲያፈላልጉ ዋሉ። ፊዚክስም ሥነ መለኮትም ቀርበው አልተናገሩም። ስለዚህ በደሉ በየዓመቱ እየተፈራረቀ እንዲሄድ ተወሰነ፤ አንድ ዓመት ፊዚክስ በዳይ ይሆናል፣ አንድ ዓመት ሥነ መለኮት። በሁለተኛው ቀን ዓለም ስንት ዓመቷ ነው ብለው ጠየቁ። የፊዚክስ ሰዎች አሥራ ሦስት ቢሊዮን ከስምንት መቶ ሚሊዮን አሉ። ከወዲህ በኩል የተቀመጡት የሥነ መለኮት ሰዎች በዓመተ ዓለም ቆጥረው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አሉ። ሽማግሌ ሁለት ቁጥር ሲሰማ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። «አንተም ከዚያ ቀንስ፣ አንተም እዚህ ላይ ጨምር» ብለው መሐል ላይ ቆረጡት። አንድ አዛውንት ሊቅ «ዕድሜ እንደ በሬ ዋጋ አይቆረጥም» ብለው ቢነሡ፣ «አባታችን ዕርቅ አይፈልጉም ማለት ነው?» ተባሉ። ተቀመጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የዓለም ዕድሜ ስድስት ቢሊዮን ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ዓመት ሆነ፤ በየእንቁጣጣሹ አንድ ይጨመርበታል። ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት «ያልታረቁ» ተብለው ተመዘገቡ። ቴሌስኮፕ ወደ እነሱ ሲዞር መስታወቱ ራሱን ያደበዝዛል። ሕዝቡም ለመደው፤ ሰው የማይለምደው ምን አለ? በፈተና ላይ «ዓለም ከጀመረበት ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሰላም ነበር» ያለ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በየሰኞው በሰንደቅ ዓላማው ሥር አንድ የደብር አገልጋይና አንድ የፊዚክስ መምህር ትከሻ ለትከሻ ካልተሳሳሙ ክፍል አይከፈትም።

የልሳነወርቅም መዘዝ የመጣው ከዚሁ ነው። ባለፈው ሰኞ ከደብር የሚመጣው አገልጋይ ጉንፋን ያዘውና ቀረ። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አይቶ «ቲቸር፣ እርስዎ ሁለቱም ኖት፤ ይሸፍኑልን» አለው። ልሳነወርቅ አንገቱን አዙሮ የገዛ ቀኝ ትከሻውን ሳመ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሰንደቁ ምሰሶ ላይ የተተከለው የጽሕፈት ቤቱ ዓይን ግን አልሳቀም፤ አንድ ሰው በሁለት ዓምድ ውስጥ ቆሞ አየና መዘገበ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ማርሸት የምትባል የቀድሞ ተማሪው ናት። ገና ስታየው ከወንበሯ ተነሣች።

«እንደምን አደሩ ቲቸር። ይቀመጡ እንጂ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ማርሸት። እንደምን አደርሽ? ይህ ደብዳቤ በስሕተት የመጣ ይመስለኛል።»

ማርሸት ቅጹን አዙራ አሳየችው። የጠቡ ምክንያት። ጠቡ የተጀመረበት ቀንና ቦታ። አስቀድሞ ክፉ የተናገረው ማን ነው። እጅ ተሰንዝሯል ወይስ አልተሰነዘረም።

«እኔኮ ልጄ፣ ጠብ የለብኝም።»

«አውቃለሁ ቲቸር። ችግሩም እሱ ነው። መዝገቡ ባዶ አይቀበልም።»

«ታዲያ ጠብ የለም ብዬ ልጻፋ።»

«ሞክረነው እናውቃለን። ጠብ የለም ያለውን ሰው ጠቡን የካደ ብሎ ነው የሚይዘው። የካደ ደግሞ መዝገቡ ሌላ ነው፣ ፎቁም ሌላ ነው።» ወደ ጣሪያው ዓይኗን ሰረቅ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንዱን ቢተዉት ግን ዛሬውኑ ያልቃል። የትኛውንም ይሁን። አንድ ብቻውን የቆመ ሰው ከማን ይታረቃል ተብሎ ይዘጋል።»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ልሳነወርቅ ግን በሁለቱም ተንጠልጥሎ አያውቅም፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው ቤቱን ያቆሙለት። የትኛውን ይንቀል?

«ቲቸር፣» አለች ማርሸት፤ «ትንሽ ጠብ ይሙሉ። ትንሽ ጠብ የሌለው ሰው የት አለ? እኔ ራሴ ስሞላ የእንጀራ እናቴን አስቤ ነው የሞላሁት፤ ከመቶ ሰማንያ ሁለት አገኘሁ።»

ቅጹን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ራሱን በረበረ። ጠብ ፈለገ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሠላሳ ዓመት ገልብጦ አየ። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ከዚያ በፊትስ?» ይለዋል። መጽሐፉ የሚያዘውን «ሰላም» ካስጻፈ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ልንገርህ? አላውቅም» ይላል። ደብር ውስጥም በየዓመቱ አንድ ተማሪ «የኔታ፣ ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣው እንዴት አድርጎ ነው?» ይለዋል። እዚያም «አላውቅም ልጄ» ይላል። ሁለቱም ቦታ ያቺን ቃል ሲናገር አንድ ዓይነት ደስታ ይሰማዋል፤ የጀርባው ቆዳ ሽምቅቅ ይላል። ያን ደስታ ይወደው ነበር። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለደብሪቱም ቢሆን። ቅጹ ላይ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር የተተወ ቦታ የለም።

«በሰንበት ፈተና አርመህ አታውቅም?» አለች ደብሪቱ ቅጹን አብራው እያየች።

«አርሜ አውቃለሁ።»

«ይኸው ጠብ። ጻፈው።»

ጻፈው። ሁለቱም አዩት። የፈሰሰ ሻይ ያህል እንኳ አይሆንም።

«አንዱን ተው ቢሉህ የትኛውን ትተዋለህ?» አለችው። ፊቱን አይታ አዘነችለት፤ አዘነችና ተናደደች። «እንግዲያው ዋሻቸው። ለእንደነዚህ ላሉ ዳኞች እውነት ማባከን ነው። አንድ ጊዜ ተጣላላቸውና ሥራህን ይዘህ ና። ቃል ነው፤ ቃል ምን ያደርጋል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ስንት ልጅ ያስተማረ ሰው፣ ያን ቀን የሚስቱ ምክር ጥሩ ምክር መሰለው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለሽምግልናው ቀረበ። አዳራሹ ሞቃት ነው፤ በደብረ ብርሃን እንዲህ የሚሞቅ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚሠራው ሥራ እንደሌለው ያወቀ ያውቀዋል። ከፊት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቶ ቢያድግልኝ ይባላሉ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የታደለ ጥለት ያለው ጋቢ ለብሰዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ ያንኑ ጋቢ ለብሰው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሦስተኛው ሰው አይደለም፤ የወተት ጀሪካን የሚያህል ሣጥን ነው። እሱም ግን ጋቢ ለብሷል፤ ደንብ ነው።

የይቅርታው ድንጋይ በጠረጴዛው ላይ ነበር። ቁጥር ተለጥፎበታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጂኦሎጂ መምህር አንገቱ ስለተቀጨ፣ አሁን የሚሠራው ከስፖንጅ ነው። እንደ ድንጋይ ግራጫ ተቀብቷል፤ የሚሸከመው ሰውም እንደ ከበደው ማጎንበስ አለበት።

መሐል ላይ ሁለት ወንበሮች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ።

«እንግዲህ መሪጌታ፣» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፤ «የርስዎ ነገር ለየት ያለ ነው። በዳይም ተበዳይም አንድ ሆኖብናል። መፍትሔ ግን አላጣንለትም። ሰማያዊው ላይ ሲቀመጡ ፊዚክስ ኖት፣ ቀዩ ላይ ሲቀመጡ ሥነ መለኮት። እየተነሡ እየተቀመጡ ይነጋገሩልን። ዘንድሮ በዳዩ ፊዚክስ ነው፤ ከሰማያዊው ይጀምሩ።»

ልሳነወርቅ ሰማያዊው ላይ ተቀመጠ። «በሰንበት ፈተና አርሜአለሁ፤ አጥፍቻለሁ» አለ። ተነሥቶ ቀዩ ላይ ተቀመጠ። «አዎ፣ አስቀይሞኛል» አለ።

«ጠቡ ደካማ ነው» አለ ሣጥኑ በጋቢው ውስጥ። «አሥራ አንድ ከመቶ። በዚህ ላይ ዕርቅ አይመዘገብም።»

አቶ ቢያድግልኝ እንደ ዘመድ ወደፊት ጠጋ አሉ። «መሪጌታ፣ እርስዎ የቅኔ ሰው ኖት። ስምዎም ልሳነወርቅ ነው። እንደ ሰው ይጣሉልን እንጂ። ነገ ቀኑ ያልቃል፤ ሁለቱንም አጥተው ሁለት ያጣ ጎመን ሲሆኑ ማየት አንፈልግም።»

ልሳነወርቅ ነገን አሰበ። ያለ ጥቁር ሰሌዳው አሰበው፣ ያለ መቋሚያው አሰበው። ፈራ። ከዚያ ሰማያዊው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠና ባዶውን ቀይ ወንበር ትክ ብሎ አየው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ስቆጥር አንተ ትዘምራለህ» አለ። «አንዲት ቁጥር ለማግኘት ዓይኔ ሲፈስ፣ አንተ ቀድመህ ያወቅህ መስለህ ከበሮህን ትመታለህ። የማታውቀውን ምሥጢር ትለዋለህ። እኔ አላውቅም ስል ግን ባዶ ነው ብለህ ታማኛለህ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ገለጡ።

ተነሥቶ ቀዩ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ተቀየረ፤ እንዲቀየር አስቦ አልነበረም። «አንተስ? ያን ሁሉ ሰማይ ለክተህ ለክተህ አንድ ቀን ተመስገን ብለህ ታውቃለህ? እናትህ የሞተች ቀን ወዴት ሮጥህ? ወደ ቁጥርህ ሮጥህ? ወደ እኔ መጣህ። አስቀምጬ አስለቀስሁህ። በማግስቱ ክፍል ገብተህ እንደማታውቀኝ ሆንህ።»

«የመጣሁት ፈርቼ ነው» አለ ከሰማያዊው። «አንተ ማለት የፍርሃቴ ስም ነህ። ሌላ ምንም አይደለህም።»

«አንተ ደግሞ የኩራት ስም ነህ» አለ ከቀዩ። «ፈጣሪን ከሥራው ለማስወጣት ስትቆፍር ኖርህ፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ውሃውን የፈጠርኸው አንተ መሰለህ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። ወንበር ዘጠኝ ጊዜ ቀየረ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። በየወንበሩ የሚናገረው ቃል ከየት እንደሚመጣ አላወቀም፤ አንዱ የተናገረው ሌላውን በእውነት እያቆሰለው፣ ቁስሉ ደግሞ አዲስ ቃል እያመጣለት ሄደ። ሁለተኛው ሽማግሌ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ጠብ ካዩ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ዘጠና አራት ከመቶ» አለ ሣጥኑ። «ጠቡ ተመዝግቧል።»

አቶ ቢያድግልኝ አጨበጨቡ። ከዚያ የቀረው የደንቡ ነገር ነው። ስፖንጁን አንገቱ ላይ ጫኑበት፤ አጎነበሰ። ወደ ባዶው ቀይ ወንበር ሄዶ ይቅርታ ለመነ። ስፖንጁን አውርዶ ቀዩ ላይ ተቀመጠና ለባዶው ሰማያዊ ወንበር «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳቸው «ሁለታችሁም ተዉ፤ አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለው አሰናበቱት። ነገሩ ሁሉ ከተጀመረ አርባ ደቂቃ አልሞላውም።

የዕርቁ ምስክር ወረቀት ቤቱ ሳይደርስ መስኮቱ ላይ ወጥቶ ጠበቀው። ደብሪቱ ደስ ብሏት ነበር። «አላልኩህም?» አለችው። ሁለቱም ሥራው ተረፈለት። ጽሕፈት ቤቱ እንዲያውም የጠቡን ቅጂ ለየቅርንጫፉ ላከው፤ አዲስ ሽማግሌዎች ጠብ ማለት ምን እንደሚመስል እሱን እያዩ ይሠለጥኑበታል ተባለ። አቶ ቢያድግልኝ መንገድ ላይ ሲያገኙት ኮፍያቸውን ያነሡለት ጀመር።

እሑድ መቋሚያውን ይዞ ቆመ። ከበሮው ተነሣ፣ ጸናጽሉ ተከተለ፣ አፉን ከፈተ። ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ከውስጡ አንድ ሰው «የፍርሃቴ ስም ነህ» አለው። ድምፁ የራሱ ነው። ዜማው አመለጠው። ወጣቶቹ ከበሮ ሊመቱ ያነሡትን እጅ አየር ላይ ይዘው ጠበቁት፤ ሲቆይባቸው ከጎኑ የቆመው ሰው ዜማውን አንሥቶ ቀጠለለት። ያረጀ መስሏቸው አዘኑለት።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ የዓለምን መስፋፋት ስሌት እየጻፈ ነበር። እኩል ይሆናል ከሚለው ምልክት ላይ ሲደርስ «አንድ ቀን ተመስገን ብለህ ታውቃለህ?» የሚል ሰማ። እጁ ቆመ። አንድ ተማሪ ከኋላ «ቲቸር፣ ከዚያ በፊትስ?» ብሎ ጠየቀው። ልሳነወርቅ ዞሮ የመጽሐፉን መልስ ሰጠው። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ የሚጨምረውን ሲፈልገው አጣው። ያ የጀርባ ሽምቅቅታም አልመጣም። አለቀሰ ማለት አይቻልም፤ ግን ከክፍል ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ።

ሳምንታት አለፉ። በውስጡ ያሉት ሁለቱ ሰዎች አልተዉትም። መንገድ ሲሄድ ይጨቃጨቃሉ፣ ሲበላ ይጨቃጨቃሉ። አንዳንዴ አንደኛው በጣም ያምርበታል፤ ልሳነወርቅ ራሱ ይረታለታል። ወዲያው ሌላው ይነሣል። ደብሪቱ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ስታይ ከርማ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«እመልስለታለሁ።»

«ለማን?»

«ለዚያኛው።»

ደብሪቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዋሻቸው ብዬህ ነበር እኮ። ውሸት ነው፣ አለቀ። ምን አደረገህ?»

«የዋሸሁ መስሎኝ ነበር» አለ ልሳነወርቅ ቀስ ብሎ። «ስናገረው ግን ሁሉም እውነት ነበር። አንዱም ውሸት አልነበረበትም።»

«እንግዲያው እኔ ያገባሁት የትኛውን ነው? ቲቸርን ነው፣ የኔታን ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር የበላሁ መስሎኝ ነበር። አሁን የምትመልስልኝ የትኛው ነህ?»

ልሳነወርቅ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ አስቀድሞ ግን ጎንበስ ብሎ የተቀመጠበት ወንበር የትኛው እንደሆነ ማየት ነበረበት።